እትዬ ዝናብ የሰማችበት ቤት

እትዬ መስማት ካቆመች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር፤ ማውራት ግን አላቆመችም። የገዛ ድምፅዋ ስለማይሰማት ሹክ የምትል እየመሰላት ትጮኻለች። በደርግ ጊዜ፣ ባልና ሚስት እንኳን በሹክሹክታ በሚያወሩበት ዘመን፣ እሷ የስኳሩን ሰልፍ፣ የቀበሌውን ስብሰባ፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር አረማመድ ሳይቀር አንስታ ሰፈሩን ታሰማዋለች። «እትዬ፣ ኧረ ቀስ!» ብዬ እጄን ወደ ታች ሳወርድ፣ «ምን አልኩ? ላንቺ ብቻ እኮ ነው የነገርኩሽ» ትለኛለች። ከአጥሩ ማዶ የሚያልፈው ሰው እርምጃውን ፈጠን ያደርጋል።

የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አባቴ «እትዬ» ስለሚሏት እኛም እትዬ አልናት፤ ሰፈሩም ተከተለን። አባቴን «አንቱ» እያልን ያደግን ልጆች እሷን ግን አንቺ ነበር የምንላት፤ ልጅ ስላልወለደች ይሁን ወይ ከእኛ ጋር ሱዚ ስለምትዘል እንጃ። በወጣትነቷ «ሴንትራል» በሚሉት የስልክ ማገናኛ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ላይ እየሰካች፣ የማታውቀውን ሰው ከማታውቀው ሰው ስታገናኝ ኖራ ሳንባዋን ታመመች። የወጓት መርፌ ሳንባዋን አዳነና ጆሮዋን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ከንፈር እያየች መረዳት ለመደች፤ ፊት ለፊቷ ቆሞ ቀስ ብሎ ለሚያወራት ሰው ብዙም አትቸገርም ነበር።

ቤቷ ቦሌ ነው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ። ከጀርባው ሜዳ ነበር፤ ከሜዳው ማዶ ደግሞ ወደ ገርጂ በኩል የገበሬ ማሳ። ዛሬ ያንን ሜዳ ፈልጎ የሚያገኝ ካለ እሸልመዋለሁ። ቤቱን ከደመወዟ እየቆጠበች ጥቂት በጥቂት ነው ያሠራችው። አብዮቱ ሲመጣ ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ትርፍ ተባለና ቀበሌ ወርሶ ለአንዲት ልብስ ሰፊ አከራየው፤ ዋናው ቤት ለእትዬ ተረፈ። ቆጣሪው ግን አንድ ነበር። የልብስ ሰፊዋ መብራት ከእትዬ ግድግዳ በተቀጠለ ሽቦ ነበር የሚሄደው። ያኔ ብዙ ሰው የሚኖረው እንዲሁ ነበር።

ከግቢው በር ውስጥ፣ ከላሜራው መዝጊያ ጥግ፣ አንዲት አጭር የእንጨት ወንበር ነበረች። በሄድን ቁጥር እትዬን የምናገኛት እዚያ ላይ ነው፤ ትከሻዋን ላሜራው ላይ ጣል አድርጋ ምስር ስትለቅም፣ ሹራብ ስትሠራ፣ ወይ እንዲሁ እጇን አጣጥፋ። «እትዬ ፀሐይ መሞቅ ትወዳለች» እንል ነበር። ከበሩ በላይ በነበረው የቆርቆሮ ክዳን ስር ስለነበረች በክረምትም እዚያው ነበረች፤ ያኔ ፀሐይ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም።

ነገሩ የተነሳው በአንድ የበዓል ቀን ነው። አባቴ ከጉለሌ ድረስ ሥጋ በዘንቢል ይዘው ሄደው በሩን ሲደበድቡ ቆዩ። ልብስ ሰፊዋ ለበዓል ዘመዶቿ ጋ ሄዳለች፤ የሚከፍት የለም። አባቴ ወድቃ ይሆናል ብለው አጥር ላይ ሊወጡ ሲሞክሩ ሱሪያቸው ተቀደደ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በነጭ ጋቢ! መጨረሻ ላይ እትዬ በአጋጣሚ ወደ ግቢው ብቅ ስትል በአጥሩ ቀዳዳ የሚውለበለብ ጋቢ አይታ ከፈተችላቸው። አባቴ ያን ቀን ሥጋውን ሳይቀምሱ ነው የተመለሱት።

በሳምንቱ ቤተሰቡ እትዬ ሳሎን ተሰበሰበ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእትዬ ጉዳይ እትዬ ፊት ተወስኖ ያለቀው እሷ ሻይ እየቀዳች ነው። ብቻዋን መኖር አትችልም፤ ጉለሌ ከእኛ ጋር ትሁን ተባለ። ዘግታ ከወጣች ደግሞ ቤቱን ቀበሌ እንደሚረከበው እዚያ የነበረ ሁሉ ያውቃል። ሰርቪሱ እንዴት እንደሄደ አይተናል። እትዬ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመችና የአባቴን ከንፈር አየች፤ ከዚያ የኔን፤ ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«ስለ እኔ ነው አይደል?» አለች። «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው። እስከዚያ ሻይ ጠጡ።»

እኔ ደሜ ቶሎ የሚፈላ ሰው ነኝ፤ እንኳን ያኔ አሁንም አልተሻለኝም። ተነስቼ፣ የበሩን ነገር ለኔ ተዉልኝ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ጊዜ ስጡኝ አልኩ። አባቴ፣ «እሺ» አሉ። «አንድ ቀን ሳልናገር እመጣለሁ። አንኳኩቼ ከከፈተችልኝ ሁለተኛ አፌን አላነሳም። ካልከፈተችልኝ ግን ዕቃዋን የምትጭኚው አንቺው ነሽ።»

የተማመንኩት በአንድ ካርቶን ነው። የምሠራው የአውሮፕላን ሬዲዮ ጥገና ክፍል ውስጥ ነበር፤ ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ የሄደ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ የቤት ዕቃውን ሲያከፋፍል ለኔ ይህ ካርቶን ደረሰኝ። ሌሎቹ ፍሪጅና ምንጣፍ ሲሻሙ እኔ በካርቶኔ ተሳቀብኝ። ውስጡ በቴሌቪዥን የሚሠራ፣ የጽሕፈት መኪና የሚመስል ትንሽ ኮምፒውተር ነበር፤ ፕሮግራሙን የሚያነበው ከቴፕ ካሴት ነው። አብረውት ሶኬት ላይ የሚሰኩ ነጫጭ ሳጥኖችና የክብሪት ቀፎ የምታክል የሬዲዮ ማሰራጫ ነበሩ። ሳጥኖቹ የሚነጋገሩት በራሱ በመብራቱ ሽቦ ነው። ሌላ ገመድ አይዘረጋም። ኮምፒውተሩ በአንዱ ሶኬት በኩል አንድ ቃል ወደ ግድግዳው ይልካል፤ ቃሉ በቤቱ ሽቦ ሁሉ ውስጥ ይሄዳል፤ ስሙ የተጠራው ሳጥን ብቻ ሰምቶ መብራቱን ያበራል ወይ ያጠፋል።

ይህን ለእትዬ በከንፈርም በእጅም ሳስረዳት ዓይኗ እየሰፋ ሄደ። ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ሴንትራል ነው!» አለች፣ እንደ ልማዷ ሰፈሩን እያሰማች። «ቤቴ ውስጥ ሴንትራል ልትተክይልኝ ነው?»

አፏን በእጄ ያዝኩ። በዚያ ጊዜ እቤቷ የሬዲዮ ማሰራጫ አለ ማለት ቀልድ አልነበረም።

ሥራው ክረምቱን ሙሉ ከሥራ መልስ አስመሸኝ፤ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ለመመለስ እየሮጥኩ። ሳሎን፣ መኝታ ቤትና ወጥ ቤት አንዳንድ መብራት ላይ ሳጥን ሰካሁ። በሩ ላይ የተከልኩትን መጥሪያ ቁልፍ ሲጫኑት ማሰራጫዋ በአየር ትናገራለች፤ ሳሎን ያለው መቀበያ ሰምቶ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፤ ኮምፒውተሩ ለመብራቶቹ። ቤቱ ሁሉ ብልጭ ድርግም ይላል። መጀመሪያ የሠራ ዕለት እትዬ ወጥ ቤት ሆና አምፖሉ ሲጠቅሳት ማማሰያዋን እንደያዘች እየሮጠች መጥታ ከፈተችልኝ። እዚያው በር ላይ ተቃቅፈን ዘለልን።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። አንዳንድ ጊዜ ቁልፉን ስጫን ምንም አይሆንም። ሽቦ ፈታሁ፣ በየድኩ፣ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው ጻፍኩ፣ ፈረንጁን ረገምኩት። ኋላ ልብ ስል ጥፋቱ ከጓሮ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪናዋን ስትነዳ የሞተሩ ረብሻ በዚያው በተቀጠለው ሽቦ እየመጣ የሳጥኖቹን ወሬ ያጠፋዋል። መኪናው በተነሳ ቁጥር እትዬ እንደገና ደንቁራለች ማለት ነው። ሴትየዋ ስትሰማ ደነገጠች፤ መስፋቴን ልተው እንዴ ልትለኝ ምንም አልቀራትም። መኪና ግን ስፌት ሲታጠፍ ያርፋል። ፕሮግራሙ አንዴ ጠርቶ እንዳይተው፣ እንደ ደረቅ ዘመድ ደጋግሞ እንዲጣራ አደረግኩት። ከዚያ በኋላ በአንዱ ዕረፍት መሀል ሾልኮ ይደርሳል።

የባሰው ችግር ሰው ነበር። ቁልፉን የሚጫን ጠፋ! ጥሩ ነጭ ቁልፍ፣ ልክ በእጅ ከፍታ ላይ፣ ከጎኑ ቀስት ሥዬበት። የዕድሩ መልእክተኛ መጣ፤ ከመሬት ድንጋይ አንስቶ ላሜራውን ደበደበና «ቤቶች!» ብሎ ተጣርቶ ሄደ። የቀበሌው ሰው መጣ፤ በሳንቲም አንኳኩቶ ሄደ። የወተት ሴትዮዋ ቁልፉን አይታ መብራት ይይዘኛል ብላ ከበሩ አንድ ሜትር ርቃ ቆመች። እኔ ከመስኮት ሆኜ ይህን ሁሉ ሳይ ልፈነዳ ደረስኩ። የምትስቀው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። «የኔ እመቤት፣» አለችኝ ክር በጥርሷ እየበጠሰች፣ «የሐበሻ እንግዳ ጡጫውን ይዞ ነው የሚመጣው። አንቺ ጣቱን ትፈልጊያለሽ።»

እንደ አገሩ ይኖሯል እንደ ወንዙ ይሻገሯል። ቁልፉን ነቅዬ ጣልኩት። በላሜራው ጀርባ አንድ ቀጭን ሞላ ሰቀልኩ፤ ከአጠገቡ ምስማር። ላሜራው ሲመታ ሞላው ተንቀጥቅጦ ምስማሩን ይነካል፤ ያኔ ማሰራጫዋ ትናገራለች። ሁሉንም በአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ሸፈንኩት፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም የለም። እንግዳው እንደ ለመደው ይደበድባል፤ እትዬ ቤት መብራት ይጠቅሳል። የዕድሩ መልእክተኛ ገና «ቤቶች» ብሎ ሳይጨርስ በሩ ሲከፈትለት ያማተበው እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

አሁን የምናገረው የዚያን ክረምት መጨረሻ ነው፤ እውነት ይሁን ሕልም አንዳንዴ ራሴም ይምታታብኛል።

ላሜራ የሚነቃነቀው በእንግዳ ብቻ አይደለም። ማታ ማታ ትልቁ አውሮፕላን ሲነሳ የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ይንዘፈዘፋል። አንድ ማታ እትዬ ጋ ላድር መጥቼ እራት እየበላን ሳለ የሳሎኑ መብራት ጠቀሰ፤ ቆየ፤ እንደገና ጠቀሰ፤ ከዚያ ረጅም ጊዜ እየተርገበገበ ቆይቶ ተወ። እትዬ ተነስታ ሄደች። ከፈተች፤ ማንም የለም። ቀና ስትል የአውሮፕላኑ ቀይ መብራት በላይዋ ሲያልፍ አየች። ተመልሳ ገብታ ቁጭ አለችና፣ «አውሮፕላኑ አንኳኳ» አለችኝ፣ በቀስታ። በእውነት በቀስታ፤ ያንን ድምፅዋን ከስንት ዓመት በኋላ ሰማሁት።

ከዚያ በረዶው መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሰማዩ ጠቁሮ ቤቱ ውስጥ የመሸ ይመስላል። መጀመሪያ የወረዱት ፍሬዎች ላሜራውን አንድ አንድ እያሉ መቱት፤ የወጥ ቤቱ መብራት ብልጭ አለ፣ የመኝታ ቤቱ ብልጭ አለ። ዶፉ ሲለቀቅ ሦስቱም ክፍሎች አንድ ላይ መርገብገብ ጀመሩ፤ ቢጫ ብርሃን ግድግዳው ላይ ይሮጣል፣ የእትዬ ጥላ ይመጣል ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ሊቃጠል ነው ብዬ ልነቅለው ስሮጥ ክንዴን ያዘችኝ። መሀል ሳሎን ቆማለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል። በጣቷ አየር ላይ ከመብራቱ ጋር ትመታለች።

«እንዲህ ነበር» አለች። «አዎ፣ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ላይ።» ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቃለች። «ልጄ፣ ዝናብ ሰማሁ እኮ!»

እኔም አለቀስኩ። ምን ላድርግ።

በረዶው ካባራ በኋላ፣ ሞላውን አጠንክሬ ዝናብና አውሮፕላን እንዳያስጨንቃት ላደርግ ብነግራት ተቆጣችኝ። «ዝናቡን እንዳትዘጊብኝ!» ስለዚህ ፕሮግራሙን ለየሁት። ምቱ ቆም ቆም ካለ እንግዳ ነው፤ ሳሎን ያለው ትልቁ መብራት ይጠቅሳል። ሳያቋርጥ ከመጣ ዝናብ ወይ አውሮፕላን ነው፤ የመኝታ ቤቷ ትንሽ መብራት ብቻ ደብዘዝ እያለ ይርገበገባል። ብዙ ማታ ዝናብ እያየች እንቅልፍ ወሰዳት። ጠዋት ስመጣ፣ «ሌሊቱን ቀላል ካፊያ ነበር፤ ንጋት ላይ ግን በረታ» ትለኛለች፤ ሜዳውን አይቼ ልክ ሆኖ አገኘዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ መድኃኒት አልተገኘለትም። መብራት ከጠፋ ኮምፒውተሩ የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል፤ ሲመጣ ከካሴቱ እንደገና ማንበብ አለበት። ይህን ማድረግ ለእትዬ አስተማርኳት። የኦፕሬተር ጣት ነው፤ አንዴ አሳይቼያት ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። መብራት በሌለበት ሰዓት ግን ቤቱ ያው ደንቆሮ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ መብራት ሲሄድ ማንንም አያስፈቅድም።

መስቀል አልፎ አደይ ሜዳውን ሲሸፍነው አባቴ መጡ። እኔ ከሥራ እየተመለስኩ ከርቀት አየኋቸው፤ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ወደ በሩ ሲጠጉ። ደስ ብሎኝ ልሮጥ ስል ልብስ ሰፊዋን አየኋት። ከአጥሩ ውጭ ከሰፈር ሴቶች ጋር ቆማለች። በሥራ ሰዓት እዚያ ምን ትሠራለች? መኪናዋ ቆሟል ማለት ነው። መብራት የለም ማለት ነው።

ያን ሁሉ ምሽት፣ ያን ሁሉ ሽቦ አሰብኩ፤ የእትዬ ቁም ሣጥን በጭነት መኪና ላይ ሲወጣ ታየኝ። «አባባ ይቆዩ!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ከዘራቸውን አነሱና ላሜራውን መቱ። አንዴ ብቻ።

በሩ ወዲያው ተከፈተ።

እትዬ ቆማለች፤ አንዷ መዳፏ ገና ላሜራው ላይ ነው። ከኋላዋ ያቺ አጭር ወንበር አለች፤ ግማሹ የተለቀመ ምስር በሰፌድ መሬት ላይ። አባቴ እሷን አዩ፤ ከበስተጀርባዋ ጨለማውን ሳሎን አዩ፤ በሩ በመብራት እንደሚጠራት ነግሬአቸው ነበርና፣ ስደርስ ወደ እኔ ዞረው፣ «መብራት አለ እንዴ?» አሉኝ።

እትዬ ከንፈራቸውን አንብባለች። «የለም» አለች። «መብራት ሲጠፋ እዚህ እወጣለሁ። ሲመጣ እገባለሁ።»

«እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

እጃቸውን ይዛ መዳፋቸውን ላሜራው ላይ ለጠፈችው፤ በሌላ እጇ ከውጭ በኩል በጣቷ ጫፍ ኳ ኳ አደረገች። አባቴ ፊታቸው ተለወጠ።

«ከስንት ጊዜ ጀምሮ?» አሉ።

«ጆሮዬ ከሄደ ጀምሮ ነዋ! ሌላ በምን ላውቅ?» አለች፤ ጥያቄው አስገርሟት። «ይህች ልጅ ሴንትራሏን እስክትተክልልኝ ቀኑን እዚሁ ነበር የምውለው። ያን የበዓል ቀን ላንተ ብዬ ወጥ ላማስል ገብቼ ነው እኮ ያመለጥከኝ። ከዚያ በኋላ ወጥ ለማማሰል ስገባ እንኳ እፈራ ነበር።»

ወንበሯን አየኋት። የተቀመጠችበት ቦታ ሲሚንቶው ላይ የወንበሯ እግሮች ትንንሽ ጎድጓዳ ሠርተዋል። ስንት ጊዜ ረግጬው አልፌአለሁ! ፀሐይ ትወዳለች ስንል ነበር እኮ።

አባቴ ግቢው ውስጥ ገብተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ዓይናቸውን ከወንበሯ ላይ ሳያነሱ። ሦስታችንም እንዲሁ ተቀምጠን ምስሩን ለቅመን ጨረስነው፤ አባቴ ምስር ሲለቅሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ከጓሮ የስፌት መኪናው ድምፅ ተነሳ። መብራት መጥቷል።

እትዬ ሰፌዱን አስቀምጣ ገባች። ቴሌቪዥኑን ከፈተች፣ ካሴቱን ጨመረች፣ ቁልፉን ተጫነች። ቴፑ የኮምፒውተሩን ቋንቋ በዚያ አስቀያሚ ድምፁ ማንጫረር ሲጀምር አባቴ ሁለቱንም ጆሮአቸውን ያዙ። «ምንድነው የሚጮኸው?» እትዬ ምንም አልሰማችም፤ እጇን አጣጥፋ በቴሌቪዥኑ ላይ የሚወርዱትን መስመሮች እያየች ፈገግ ትላለች። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞራ ራሷን ነቀነቀች።

አባቴ ተነሱ። ወደ በሩ ሄደው ወንበሯን አነሱ፤ ልቀበላቸው ብል እምቢ አሉኝ። ተሸክመው ሳሎን አስገቧት፤ ከትልቁ መብራት ስር፣ ከግድግዳው ጥግ አስቀመጧት። እትዬን ትከሻዋን ይዘው አስቀመጧት። ከዚያ ወጡና የግቢውን በር ከውጭ ዘጉት።

የሄዱ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ላሜራው ተመታ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ እንግዳ።

መብራቱ ጠቀሰ። እትዬ ቀና ብላ አየችው። ከወንበሯ እየተነሳች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ቦሌን በሙሉ በሚያሰማ ድምፅዋ፣ «መጣሁ!» አለች።

እትዬ ይህን ቃል ስትል ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ በር ስር ተቀምጦ የሚውል ሰው «መጣሁ» የሚልበት የለውም።